ከሰንጠረዥ እስከ ከዋክብት፦ ስለ ግዛት ጨዋታና ስለ ተራ

መዘዞ ከጣርማ በር ተነሥቶ ወደ መሐል ሜዳ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ቀን ቀን ጉምና የገብስ ማሳ ነው የሚታይባት፤ ማታ ጉሙ ሲገፈፍ ግን ሰማዩ በእጅ የሚነካ ይመስላል። በዚያ ሰማይ ሥር በጎቻችንን አስገብተን፥ ጋቢ ተከናንበን ከዋክብት ስንቆጥር ያደግን ልጆች፥ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ክፍል ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከበን ከዋክብት ስንይዝ እናመሻለን። ድሮ ቆጠራ የነበረው አሁን መያዝ ሆኗል ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚሁ ለውጥ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «እናንተ ደግሞ ስለ ጨዋታ ታሪክ ትጽፋላችሁ?» ብለው ስቀውብናል። ይሳቁ። እኛ ግን የምንለው ይህ ነው፤ ሰው አገር እንዴት እንደሚያዝ ከሚማርባቸው ነገሮች አንዱ ጨዋታ ነው፤ አያቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ጨዋታውን ከነታሪኩ፥ ታሪኩንም ከነጨዋታው አስተያይተን ለማየት ሞክረናል።

፩. ጨዋታው

ላልተጫወተው አንባቢ ነገሩን በአጭሩ እንግለጽለት። ጨዋታው ሲከፈት ማያው ጥቁር ነው። መካከሉ ላይ አንዲት ፀሐይ፥ በፀሐይዋ ዙሪያ አንዲት ፕላኔት፥ በፕላኔቷ ላይ ጥቂት ሕዝብ አለ፤ ያንተ መነሻ ይህ ነው። ከዚያ ታዝዛለህ፤ መንኮራኩር ይሠራ፥ እገሌ ወደተባለው ኮከብ ይሂድ፥ ሕዝቡ ይረስ፥ ሌላው ፋብሪካ ይግባ፥ የቀረው ምርምር ያድርግ። ትእዛዝህን ስትጨርስ «ተራዬ አለቀ» የሚለውን ትጫናለህ። ተቀናቃኞችህም በበኩላቸው ያዝዛሉ። ዓመቱ ይዞራል፤ ተራው እንደገና ወዳንተ ይመጣል። እንዲህ እያለ ጥቁሩ ይገለጣል፥ ቀለምህ ይሰፋል፤ በመጨረሻ ወይ ከዋክብቱን ሁሉ ትይዛለህ፥ ወይ ሌላው ይይዝሃል። ለአምስታችን አንድ ኮምፒዩተር ስለሆነ እኛ የምንጫወተው እየተቀያየርን ነው፤ አንዱ ሲያዝዝ አራቱ ይመክራሉ፥ ይሰድባሉ፥ «ኧረ እዚያ አትሂድ!» ይላሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሁላችንም ግዛት ባንድ ጊዜ ይፈርሳል።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ታሪክ አርባ ዓመት አልፎታል። በ1983 እ.ኤ.አ. «ሪች ፎር ዘ ስታርስ» የተባለው ወጣ፤ ተጫዋቾች በየተራ ከዋክብትን የሚያቀኑበት ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. የሲድ ማየር «ሲቪላይዜሽን» መጣ። ይኸኛው መነሻው ምድር ነው፤ ከአንዲት ጥንታዊ መንደር ተነሥተህ ብዙ ሺህ ዓመት ታቋርጥና፥ ከድል መንገዶቹ አንዱ ወደ አልፋ ሴንታውሪ ኮከብ መርከብ መላክ ነው። ቀጥሎ በ1993 እ.ኤ.አ. «ማስተር ኦቭ ኦርዮን» ሲወጣ አለን ኤምሪች የተባለ ጸሐፊ በአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ መጽሔት ላይ ጨዋታውን ካስተዋወቀ በኋላ የወገኑ ሁሉ ስም ከዚያ ጽሑፍ ወጣ። ስሙ በአራት ግሦች ላይ የቆመ ነው። በእኛ ቋንቋ ብንመልሳቸው፦ ማሰስ፥ መስፋፋት፥ መበዝበዝ፥ መደምሰስ።

እነዚህን አራት ግሦች አንባቢ ቆም ብሎ ይያቸው። የፈጠሯቸው ሰዎች ለቀልድ ያህል ነው ያሏቸው፤ በእንግሊዝኛ አራቱም አንድ ዓይነት ፊደል ስለሚያሰሙ ለጆሮ ጥመዋል። በአማርኛ ሲነበቡ ግን ቀልዱ ይጠፋል። «መበዝበዝ» ብሎ የሚሥቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም።

፪. የቀድሞው ሰንጠረዥ

የግዛት ጨዋታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ገበጣን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከገበጣ ሌላ ግን የመኳንንቱ ጨዋታ የነበረ፥ ዛሬ የጠፋ አንድ ጨዋታ አለ፤ እሱም ሰንጠረዥ ነው።

ሰንጠረዥ ከሕንድና ከፋርስ ተነሥቶ በዐረቦች በኩል የተሠራጨው የቀድሞው የቼዝ ዓይነት በእኛ አገር የቆየበት መልክ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1963 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የጨዋታውን ታሪክና ደንብ ሰብስበው አቅርበዋል። ገበታው ባለ ስድሳ አራት ቤት ነው፤ ብዙ ጊዜም በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር እየተሰመረበት ይሠራ ነበር። እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም፤ ሜዳው አንድ ቀለም ነው። በሜዳው ላይ ንጉሥ፥ ፈርዝ፥ ፊል፥ ፈረስ፥ ደርና መደቅ ይሰለፋሉ። ፈርዝ የንጉሡ አማካሪ ነው፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል ማለት ዝሆን ነው፤ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። መደቅ እግረኛው ነው፤ ፊት ለፊት እየሄደ በጎን ይመታል፤ ወደ ኋላ መመለስ አያውቅም።

ዓፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር በዘመኑ የተሰበሰበ የመንገደኞች ቃል መዝግቦታል። እኚሁ ንጉሥ በ1529 እ.ኤ.አ. ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማም አሕመድ ጦር ድል ሆነው ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ ከአምባ አምባ ሲሳደዱ ኖረዋል። የጨርቁ ንጉሥ ሲከበብ ጨዋታው ያልቃል፤ የእውነቱ ንጉሥ ሲከበብ ግን ገና መጀመሩ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግሬን የገዙት ራስ ወልደ ሥላሴም የሰንጠረዥ ሰው እንደነበሩ ያገኟቸው እንግሊዛውያን ጽፈዋል። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ አዋቂ ነበሩ ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ በዓለም ካሉት ወንድሞቹ ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው። በዛሬው ቼዝ አንዱ አንድ ጊዜ ይሄዳል፥ ሌላው አንድ ጊዜ ይመልሳል፤ ተራ አለ። በእኛ ሰንጠረዥ ግን መጀመሪያው ላይ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፥ እንደፈለጉት ያህል፥ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንደኛው አሥር ጊዜ ሄዶ ሌላው አራት ጊዜ ቢሄድ የሚጠይቅ የለም። ይህ የሚቆመው የመጀመሪያው ሰው ሲመታ ነው፤ ደም ፈሰሰ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይሆናል። ይህ መክፈቻ ስም አለው፤ ስሙም «ወረራ» ነው።

ስሙን ልብ በሉት። ያኔ የተጫወቱት ሰዎች ራሳቸው ዘምተው የሚያውቁ ነበሩና ነገሩን በስሙ ጠሩት። «ማሰስ» አላሉትም፥ «መስፋፋት» አላሉትም፤ ወረራ አሉት። የሚዘምት ሰው ጎረቤቱ እስኪዘጋጅ ቁጭ ብሎ ተራ እንደማይጠብቅም ያውቁ ነበር። በዚህ በኩል የጨርቁ ጨዋታ ከኮምፒዩተሩ ይልቅ እውነተኛ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በአጨራረሱም ሥነ ሥርዓት ነበረው። ባዶውን የቀረ ንጉሥ ማት አይባልም፤ አንድ ባለሟል ብቻ ሲቀርለት ደግሞ አሸናፊው በተወሰነ የእርምጃ ቁጥር ውስጥ መጨረስ አለበት። በደር ወይም በፈረስ ማት ማለት ብዙም አያስመሰግንም፤ በትንንሾቹ፥ በመደቅና በፊል መጨረስ ነው የሚያስከብር። ኃይለኛውን መሣሪያ ይዞ ማሸነፍ እንደ ሙያ አይቈጠርም ነበር ማለት ነው። ጨዋታው ሲካሄድም ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ዝም አይልም፤ ይመክራል፥ ያወግዛል። ምን አለፋችሁ፥ ልክ እንደኛ ማደሪያ ክፍል!

ሰንጠረዥ ከጣልያን ወረራ በኋላ እየተረሳ ሄዶ ጠፋ። ቃሉ ግን አልጠፋም። ዛሬ «ሰንጠረዥ» ስንል በረድፍና በዓምድ የተደረደረ ቁጥር ማለታችን ነው፤ «በሰንጠረዥ 3 እንደተመለከተው» እያልን የቤት ሥራ የምናስረክብበት። ጦሩ ከገበታው ወርዶ ቤቶቹ ብቻ ቀሩ፤ በቤቶቹም ውስጥ አኃዝ ገባባቸው። እንግዲህ የጠፈሩ ጨዋታ በሁለቱም ትርጉም ሰንጠረዥ ነው። ላዩ ጦር ነው፥ ውስጡ የሒሳብ መዝገብ።

፫. ከእኛው ደጋ የተነሣ ግዛት

የኮምፒዩተሩ ጨዋታ ከአንዲት ትንሽ ቦታ ተነሥቶ ታላቅ ግዛት መሥራት ነው አልን። ይህን በእውነት የሠራ ሰው ለማግኘት ከመዘዞ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም፤ መንዝን፥ አንኮበርንና አንጎለላን ማየት ይበቃል።

የሸዋ ባላባቶች መነሻቸው መንዝ ነው። ከዚያ በትውልድ በትውልድ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ወረዱ። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርን ማዕከላቸው አድርገው፥ አንጎለላን ደግሞ ወደ ኦሮሞው አገር መውጫ በር አድርገው ሸዋን የራሱ መንግሥት አስመሰሉት። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ከታጁራ ወደብ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረች፤ ጨው፥ ቡና፥ የዝሆን ጥርስ ይተላለፍባት ነበር። በአቅራቢያዋ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህንንም መዝለል አንችልም። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሃሪስ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ፤ ጥቂት ቆይቶ ከፈረንሳዩ ከሮሼ ዴሪኩር ጋር እንዲሁ። የፈለጉት ጠመንጃና የእጅ ጥበብ ነበር። ጨዋታውን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ማዕከል፥ የንግድ መስመር፥ ውል፥ ቴክኖሎጂ፤ ሁሉም በየመስኮቱ አለ።

ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፈረሰ። በ1848 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ዘመቻ መካከል ታመው ሞቱ፤ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ የተወለደው ልጃቸው ምኒልክ ተማርኮ መቅደላ ወረደ። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በ1857 ዓ.ም. አምልጦ አንኮበር ገባ። ጨዋታው ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ተጫዋች ድሮ በቃው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረጉ። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ሐረር ወደቀች፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ወላይታ በ1887 ዓ.ም.፥ ከፋ በ1889 እና በ1890 ዓ.ም. መካከል ተያዘ። በመካከሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ አለ፤ አውሮፓ አፍሪካን እንደ ባዶ ሜዳ እየተከፋፈለ ሳለ «ይህ ቤት ሰው አለበት» ተብሎ የተመለሰበት ቀን።

እኛ የዚህ ደጋ ልጆች ነንና ይህን ታሪክ ስንሰማ ደስ ይለናል፤ ብንክደው ውሸት ይሆንብናል። የአድዋ ደስታ የጸና ደስታ ነው። ግን ሐቀኛ ከሆንን ሌላውንም ጥያቄ መጠየቅ አለብን፤ አድዋ ላይ «ባዶ አይደለም» ያለው እጅ፥ ወደ ደቡብ ሲዘምት ሜዳውን እንዴት አየው?

፬. ጥቁሩ የማን ጥቁር ነው?

ባለፈው ገና ለበዓል ወደ አገር ቤት ስንገባ ኮምፒዩተሩን ይዘን ሄደን ነበር። አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ስንጫወት የአንደኛችን አያት፥ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፥ ጠጋ አሉና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። ከዚያ በከዘራቸው ጫፍ ማያውን አመለከቱ።

«ይኼ ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«ገና ያልታወቀ አገር ነው፥ አባባ።»

«ለማን ነው ያልታወቀው?»

መልስ አጣን። አንደኛችን ለማለት ያህል «ለእኛ ነዋ» አለ። እርሳቸውም «እህ» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ መደባቸው ተመለሱ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ጨዋታው ግን ለዚያ ማታ ጣዕሙን አጣ።

ጥያቄውን ወደ ትምህርታችን ይዘነው ተመለስን። ጨዋታው ላይ ያለው ጥቁር በአገሩ ላይ የወደቀ ጨለማ አይደለም፤ በተጫዋቹ ዓይን ላይ ያለ ጨለማ ነው። ወላይታ በ1887 ዓ.ም. ለወላይታ ሰው ጥቁር አልነበረም፤ ንጉሥ ጦና የሚገዙት፥ ታርሶ የሚበላበት አገር ነበር። ጦርነቱ በዚያ ዘመን ከተደረጉት ዘመቻዎች እጅግ ደም ከፈሰሰባቸው አንዱ ሆነ፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ፥ ብዙ ከብት ተነዳ፥ ጦናም ተማረኩ። በአንጻሩ የጅማው አባ ጅፋር ሁኔታውን አይተው አስቀድመው ግብር ለመክፈል ተስማሙ፤ በዚህም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አገራቸውን በውስጥ አስተዳደር ይዘው ቆዩ። ጨዋታው ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ አንዱን «ድል» ሌላውን «ውል» ብሎ በአንድ ዓይነት ቀለም ይቀባቸዋል። የሰዉ ኑሮ ግን አንድ ቀለም አልሆነም።

በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው «ማስተር ኦቭ ኦርዮን» ላይ አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ፕላኔት ላይ ስትደርስ ነባር ነዋሪዎች ታገኛለህ። ሰፋሪዎችህን ስታሳርፍ እነዚያ ነባሮች ወዲያው ያንተ ሕዝብ ይሆናሉ። የራስህ ሰው እንደ ፈቃድህ ገበሬ፥ ሠራተኛ ወይም ተመራማሪ ሊሆን ይችላል፤ ነባሮቹ ግን ሊሆኑ የሚችሉት ገበሬ ብቻ ነው። ያርሳሉ፥ አንተን ይመግባሉ። ይህን የጻፉት ሰዎች ስለ ሸዋ ታሪክ አንድም ነገር ያውቃሉ ብለን አናስብም። እኛ ግን ስናየው አንድ ቃል ነው የመጣልን፦ ገባር። ወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ሰው የተመራበት፥ አራሹ በገዛ መሬቱ ላይ ለመልከኛው የሚገብርበት ሥርዓት ነበር። ጨዋታ ሠሪው ሳያውቀው ደንቡን ደገመው፤ ምክንያቱም ግዛትን በመዝገብ ብቻ የሚያስብ ሰው፥ ሎስ አንጀለስም ይኑር አንጎለላ፥ የሚደርሰው እዚያው ነው።

ጨዋታው ጨርሶ የማያውቀው ነገርም አለ፤ ክፉ ቀን። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በምጽዋ በኩል ከመጡ ከብቶች የገባው የከብት በሽታ የአገሩን ከብት ከሞላ ጎደል ፈጀው። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ ሁሉም የለም። ዝናቡም አስቸገረ፤ አንበጣም መጣ። ሰው ያልሆነውን ሁሉ በላ። ዓፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ከመክፈታቸውም በላይ፥ በዶማ መቆፈር ውርደት አይደለም ለማለት ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ተጽፏል። ጨዋታው ውስጥ ረኀብ ማለት በመስኮቱ ጥግ የምትበራ ቀይ ቁጥር ናት፤ አንዱን ሠራተኛ ወደ እርሻ ስትመልሰው ትጠፋለች። ዶማ የያዘ ንጉሥ ግን የለም። ንጉሡ እጁን አፈር ውስጥ የሚያስገባበት ትእዛዝ በየትኛውም መስኮት አላገኘንም።

፭. እኛ ጨዋታው ውስጥ

አንዳንዱ አንባቢ «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፥ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። አግብቶናል። «ሲቪላይዜሽን» ኢትዮጵያን ሦስት ጊዜ አስገብቷታል። በአራተኛው ጨዋታ፥ በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው ጭማሪ፥ መሪው ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። በአምስተኛው፥ በ2012 እ.ኤ.አ.፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ልዩ ጦራቸው መሐል ሰፋሪ፥ ልዩ ችሎታቸውም የአድዋ መንፈስ ይባላል፤ ከራሱ የበለጠ ከተማ ካለው ጋር ሲዋጋ ጦራቸው ይበረታል። በስድስተኛው፥ በ2020 እ.ኤ.አ.፥ የአንጎለላው ተወላጅ ምኒልክ ራሳቸው መጡ። የእርሳቸው ኢትዮጵያ በኮረብታ ላይ ከተማ ስትሠራ ትጠቀማለች፤ ጦሯም ኮረብታ ላይ ይጠነክራል። ይህን ስናይ የመዘዞ ልጆች ሆነን እንዴት አንስቅ! አቀበቱ ሲያስለቅሰን የኖርን ሰዎች፥ ለካ ጥቅም ኖሮታል።

ሥቃችን ግን አንድ ነገር ላይ ይቆማል። የዚያ ጨዋታ የምኒልክ ልዩ ጦር የኦሮሞ ፈረሰኛ ነው። ይህ ውሸት አይደለም፤ የምኒልክ ጦር፥ አድዋ የዘመተውም ጭምር፥ የኦሮሞ ፈረሰኛ ነበረበት። ነገር ግን ፈረሰኛው ጨዋታው ውስጥ የሚገባው ጦር ሆኖ ብቻ ነው። ጨለንቆና አዙሌ ላይ በወዲያኛው ወገን የቆመው ሰው የት ገባ? ማያው ላይ አንድ ሰው በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚቆመው፤ ታሪካችን ውስጥ ግን አንድ ሕዝብ በሁለቱም ወገን ቆሟል። አንድ ሰንጠረዥ ይህን አይችለውም።

ዘርዓ ያዕቆብም ቢሆኑ ከሰማይ ጋር ያላቸው ነገር ጨዋታው ከሚያውቀው የጠለቀ ነው። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በእርሳቸው ዘመን በሰማይ ከታየ ብርሃን ነው። በልማዱ ቀኑ መጋቢት 10 ቀን 1446 ዓ.ም. ይባላል፤ አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ግን ያ ብርሃን በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ንጉሡ ብርሃኑን በሃይማኖት ክርክር ተወግረው ለሞቱ ሰዎች ፍርድ እንደ ማረጋገጫ አዩት፤ ቤተ ክርስቲያንም አሠሩበት። እንግዲህ ከእኛ ወረዳ ሰማዩን አይቶ ሥልጣን ያነበበበት ሰው ከአምስት መቶ ዓመት በፊትም ነበረ። ሰማይ ከጥንትም ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ የሚያየው ሰው የልቡን ያያይዝበታል።

፮. የጓሳው ተራ

እስከዚህ የመጣነው ጨዋታውን ለመክሰስ ብቻ ከሆነ ድካማችን ከንቱ ነው። ነገ ማታም መጫወታችን አይቀርም። የምንፈልገው ከጨዋታው አንድ ቃል መዋስ ነው፤ «ተራ» የሚለውን።

በመዘዞ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ይዞ እስከ መንዝ የዘለቀ ሰው የጓሳን ሜዳ ያውቃል። ጓሳ ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ለስንቱ የሚሆን ሣር ነው። ይህን ሣርና ሜዳ የመንዝ ሰዎች ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውት ኖረዋል። የአስቦና የጌራ ልጆች አለቃቸውን ይመርጣሉ፤ ሜዳው ለሦስት፥ ለአራት፥ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ከብት አይገባበትም፥ ማጭድ አያርፍበትም። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፥ ሁሉም ወጥቶ ያጭዳል፤ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ሥርዓቱ እንከን አልነበረውም አንልም፤ የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነው ከመብቱ ውጭ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ቄሮ ፈረሰ፤ ሜዳውም ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መለሰው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬ እዚያ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህም ጨዋታ በተራ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በኮምፒዩተሩ ተራ ማለት የመውሰጃ ጊዜ ነው፤ ሳትወስድ «ተራዬ አለቀ» ካልህ ሞኝ ነህ። በጓሳ ግን ተራው የሣሩም ነው። ሦስት ዓመት የሣሩ ተራ፥ ጥቂት ቀን የሰው ተራ። ከአራቱ ግሦች አንዱም ለዚህ አይሆንም፤ አምስተኛ ያስፈልጋል። በአማርኛ ግሡ አለን፤ «ማሳደር» እንለዋለን፤ ገበሬ መሬቱን የሚያሳድረው ለነገ ነው።

ጨዋታውን የሚሠሩት ሰዎች ይህን ደንብ ቢያስገቡት ማን ያሸንፍ ነበር? አናውቅም፤ ልንሞክረው ግን እንፈልጋለን። ከመካከላችን የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማሩ ሁለት አሉ። በአገራችን ወጣቶችም ገበጣንና ኩኩሉን ወደ እጅ ስልክ ያመጡ አሉና ነገሩ ሕልም ብቻ አይደለም። ሲሠራም አከፋፈቱ ወረራ ይሁን፥ ስሙም አይደበቅ፤ ጥቁሩን የገለጠ ተጫዋች መጀመሪያ የሚያየው እዚያ የሚኖሩትን ሰዎች ይሁን፤ የሚሰማውም ራሳቸው አገራቸውን የሚጠሩበትን ስም።

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ምድር ተወንጭፋ ሕዋ ገባች። የጠፈር ጨዋታ ተጫዋች የመጀመሪያ መንኮራኩሩን የሚልከው ሌላ ኮከብ ለመያዝ ነው። የእኛዋ ግን የወጣችው ወደ ታች ለማየት ነበር፤ እርሻውን፥ ደኑን፥ ውሃውን። ከላይ ሆኖ ሲታይ በዚያ ምስል ላይ የወሰን ቀለም የለም። የታረሰና ያልታረሰ፥ የተራቆተና የተከለለ ነው የሚታየው።

ባለፈው ክረምት ለአባባ ይህንን ነገርናቸው። «ከላይ ሆና የምታየው የእኛንም ገብስ ነው?» አሉ። «አዎን» አልናቸው። «ታዲያ ጥቁር ነው የሚታያት?» አሉና ሳቁ። ለገናው ጥያቄያቸው መልሱን እስካሁን እየጠበቁን እንደሆነ ያኔ ገባን። አሁን ተራው የእኛ ነው።